የሩቅ ዘመድ ወሬ በአያቶቻችን ዘመን

ውጫሌ የሚለው ስም ሲጠራ አብዛኞቻችን ወዲያው የምናስበው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተፈረመውን ውል ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ እኛም ወደ ኋላ እንደርስበታለን። በዚህ ጥናታችን በመጀመሪያ ልንመለከት የፈለግነው ግን የነገሥታቱን ሳይሆን የተራውን ቤተሰብ መልእክት ነው። በዚያ ዘመን በአምባሰል ተራራ ሥር የምትኖር አንዲት እናት ወደ ሸዋ የተዳረችው ልጇ መገላገሏን፣ የዘመተው ልጇ በሕይወት መኖሩን፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው ወንድሟ መሞቱን በምን መንገድ ትሰማ ነበር? ማንስ ይነግራት ነበር? ሲነግራትስ እንዴት ነበር የሚነግራት?

ነገሩን ከቃላቱ ብንጀምር ይሻላል። ቋንቋችን ለወሬ ብዙ ስም አለው። «ዜና» ከግዕዝ የመጣ፣ የነገሥታቱም ታሪክ «ዜና መዋዕል» የተባለበት የከበረ ቃል ነው። «ወሬ» የቤቱና የመንገዱ ቃል ነው። ከእነዚህ በላይ ግን መልካሙና ክፉው ለየብቻ ስምና ለየብቻ ሥርዓት ተሰጥቷቸዋል። ልጅ መወለዱን ይዞ የመጣ ሰው ከደጅ ቆሞ «የምሥራች!» ይላል፤ ሰሚውም «ምሥር ብላ!» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚነገረው። ሞትን ይዞ የመጣ ግን ከደጅ አይጣራም። የእርሱ ወሬ «መርዶ» ይባላል፤ አነጋገሩም ሌላ ነው። ስለ መርዶ ጥቂት ቆየት ብለን በሰፊው እንናገራለን።

ወሬው በምን ይጓዝ ነበር? የአምባሰል ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠቅሰው ግሸንን ነው። ግሸን ደብረ ከርቤ በዚሁ በአምባሰል ምድር የሚገኝ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የሚመስል ተራራ ነው፤ የጌታችን ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በዚያ እንዳረፈ ይታመናል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከበጌምድር፣ ከላስታ፣ ከትግራይም ሳይቀር ተሳላሚ ይመጣል። ይህን ቀን ልብ እንበል። ሰኔ ከገባ ጀምሮ በሽሎና ሌሎቹ ወንዞች ስለሚሞሉ፣ ጭቃውም ስለሚበረታ፣ መንገድ ማለት ይቻላል ይዘጋል። ሦስት ወር ሙሉ የተወለደውም፣ የታመመውም፣ የሞተውም ወሬው በያለበት ይከማቻል። ወንዙ ጎደል ሲልና ዐደይ ሲፈነዳ የመጀመሪያው ትልቅ የሕዝብ መሰብሰቢያ ግሸን ነው። ስለዚህ ለአካባቢው ሰው የማርያም በዓል የጸሎትና የስለት ቀን ብቻ ሳይሆን የክረምቱ ወሬ የሚፈታበት ቀንም ነበር ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ተሳላሚው ወደ አገሩ ሲመለስ ከቅዱሱ ስፍራ አፈር ወይም ጸበል ብቻ ሳይሆን የሰው ሰላምታም ይዞ ይመለስ ነበር፤ «እገሌን ካገኘኸው ደኅና ነን በለው» የተባለውን አደራ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሲራራ ነጋዴ ነበር። አሞሌ ጨው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ቡናና ሌላውም ዕቃ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲመላለስ የወሎ ምድር መካከለኛው መተላለፊያ ነበር። ነጋዴ ከገበያ ወደ ገበያ ስለሚሄድ የጊዜው ጋዜጣ እርሱ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ነጋዴው የሚያቆመው በገበያው እንጂ በየቤቱ ስላልሆነ፣ መልእክቱ ከእርሱ ወደ ገበያተኛ፣ ከገበያተኛውም ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ባለቤቱ እየተቀባበለ ነበር የሚደርሰው። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናስታውስ፤ ዛሬ ወሎ ውስጥ ወሬ የሚሰማው በቡና ዙሪያ ነው ስንል የጥንት ልማድ አድርገን እንወስደዋለን። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት የተነቀፈ ነበር፤ ልማዱ የላላው በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜው ክርስቲያን ቤት እንግዳ የሚናገረው በጠላ ፊት ነበር፤ የእስላም ጎረቤቱ ቤት ግን ቡናው አስቀድሞም ነበረ።

ደብዳቤስ አልነበረም ወይ? ነበር፤ ግን የጥቂቶች ነበር። ወረቀቱ ውድ ነበር፤ ጸሓፊውም ደብተራ ወይም ካህን፣ በእስላሞቹም ዘንድ ዐረብኛ የተማረ ሼኅ ነበር። የደብዳቤው መልክ የታወቀ ነው፤ «ይድረስ» ብሎ የተቀባዩን ስም ይጠራል፣ እንዴት ሰነበትክ ብሎ ይጠይቃል፣ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በአጭሩ ይገልጣል። አጭር የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ በተቀባዩም በኩል የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ በቤተሰብ መካከል የሚቀር ነገር በወረቀት ላይ አይሰፍርም። የቤቱ ምስጢር ለተላላኪው በቃል ይነገረዋል፤ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ የመልእክተኛውን እውነተኛነት ከማስረዳት የዘለለ ሥራ የለውም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶንና ወደ ቆላስይስ በላካቸው መልእክታት መጨረሻ ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ የራሱን ኑሮ በዝርዝር አልጻፈም፤ ወሬውን ቲኪቆስ በቃሉ እንዲነግራቸው ነው የተወው። (ኤፌ. 6፡21-22፤ ቆላ. 4፡7-9 ተመልከቱ።) ይህን ክፍል ስናስተምር ብዙ ጊዜ እንደ ስንብት ቆጥረን እናልፈዋለን፤ የአያቶቻችንን ተላላኪ ያወቀ ሰው ግን በቀላሉ አያልፈውም።

ወደ አገራችን የመጡት ሚስዮናውያንም በዚሁ መንገድ ተገዝተው ነበር። በ1832 ዓ.ም. ዐድዋ የደረሱት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በ1839 ዓ.ም. ምጽዋ የገቡት ካፑቺኑ አቡነ ማስያስ ለአለቆቻቸውም ለወገኖቻቸውም የጻፏቸው ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም የባሕሩን ጠረፍ እስኪያገኙ ድረስ በነጋዴና በታማኝ ተላላኪ እጅ የተጓዙ ነበሩ። አንዱ ደብዳቤ ቢጠፋ ሌላው እንዲደርስ አንዱን ነገር ደጋግሞ መጻፍ የማይቀር ነበር።

አሁን ወደ መርዶ እንመለስ። ከሁሉ የሚከብደው መልእክት ይህ ስለሆነ አባቶች ከሁሉ የበለጠ ሥርዓት ያበጁት ለእርሱ ነው። የሩቅ ዘመድ ሞት ሲሰማ ወሬውን የሰማ ሁሉ ሄዶ አይናገርም። በመጀመሪያ የሚሰሙት የሟቹ የቅርብ ዘመድ ሳይሆን ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱም መከሩና ቀን ቈረጡ ማለት ነው። ያዘነው ሰው ታሞ ከሆነ ወይም አራስ ከሆነች ይዘገያል። ቀኑ ሲደርስ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ተሰብስበው ይሄዳሉ። ንጋት የሚመረጥበት ምክንያት አለው፤ ሰውየው ከቤቱ አልወጣም፤ ብቻውን በመንገድ ወይም በእርሻ መካከል አይሰማም፤ ሌሊቱን ዐርፏል፤ ቀኑም ገና ሙሉ ስለሆነ ለቅሶ ደራሽ ይመጣለታል። ሲሰማም በዙሪያው የሚይዘው ሰው አለ። ከሁሉ በላይ፣ ነጋሪው ብቻውን አይደለም፤ ያ ከባድ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ቢወጣም የብዙዎች ሆኖ ይነገራል።

ሟቹ ሩቅ አገር የተቀበረ ከሆነ መርዶው ከቀብሩ ወራት ቈይቶ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ለቅሶው አይቀርም፤ በሌለ ሬሳ ይለቀሳል። በዚህ ላይ ተዝካሩ አለ። በአርባኛው ቀን፣ በሰማንያኛውም፣ በሙት ዓመቱም የሚደረገው መታሰቢያ ከጸሎቱ ሌላ ለሩቅ ዘመድ የተተወ ጊዜ ነበር፤ ለቀብር ያልደረሰ ለአርባው፣ ለአርባው ያልደረሰ ለዓመቱ ይደርሳል። በእግርና በበቅሎ ለሚጓዝ ሕዝብ ይህ የቀናት አቈጣጠር ምን ያህል እንደረዳው ማሰብ አያስቸግርም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለውም ዘመድን ለመናቅ አይደለም፤ ወሬው እስኪደርስ የሚያጽናናው ያው ጎረቤት ስለሆነ ነው።

መርዶ የአንድን ቤት ብቻ ሳይሆን የአገርን መንገድ የለወጠበትም ጊዜ አለ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ዐፄ ቴዎድሮስ ካሰሩዋቸው ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ገቡ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በዚያ ጊዜ በመቅደላ መያዣ ሆኖ ታስሮ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ወይዘሮዋ ምኒልክን መልሰው ሰጥተው ልጃቸውን ለማስለቀቅ ዐስበው ነበር። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ በምኒልክ ማምለጥ ተቈጥተው ልጃቸውን መግደላቸው ተሰማ። እናቲቱም የሚያስመልሱት ልጅ እንደሌለ ሲያውቁ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። ያ ወሬ ጥቂት ቀን ዘግይቶ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበረ ማን ያውቃል?

ከዚህ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ ጦር መቅደላ ተይዞ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁና እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። እቴጌይቱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ በትግራይ ምድር ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። ልጁ ብቻውን ባሕር ተሻገረ። የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቅያዬ ባላቸውን ደጃዝማች ውቤን አስቀድመው ያጡ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ልጃቸውን ቀብረው የልጅ ልጃቸው ተወሰደባቸው። አያቲቱ ስለ ልጁ ወደ እንግሊዝ አገር በአማርኛ ደብዳቤ አስጽፈው ልከዋል። ከላይ ያየነውን የተላላኪ ሥርዓት እዚህ ላይ ስናስበው የነገሩ ክብደት ይገባናል፤ ወሬውን በቃል የሚያደርስ የአገር ሰው የለም፤ ወረቀቱን የሚያነበው ባዕድ ነው፤ ልጁም ከዓመት ወደ ዓመት የእናቱን ቋንቋ እየረሳ ሄዷል። ዓለማየሁ በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቈይቶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ዐረፈ፤ ዕድሜው ገና 18 ዓመት ነበር። አስከሬኑ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ጥያቄውን እንደማይቀበል አስታወቀ። ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ የልጁ ሞግዚት ከነበረው ከካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ ተጠብቆ የቈየ የፀጉሩ ቁራጭ ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

በወሎ ውስጥ የቤተሰብ ወሬን ይበልጥ ያከበደው ሌላም ነገር ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው። ብዙዎች ግን አገር ለቀው ተሰደዱ፤ ሌሎች በአፋቸው ተቀብለው በልባቸው እንደ ጥንታቸው ኖሩ። ይህ ግድ ያለበት ጥምቀት በማናችንም ዘንድ ሊመሰገን የሚገባው አይደለም። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ሁለት ስም ያለው ሰው ተገኘ፤ መልእክት የሚልክ ሰውም ዘመዱን በየትኛው ስም እንደሚጠራ ማሰብ ነበረበት። ሆኖም ዝምድናው አልተቈረጠም። እስላሙ ለክርስቲያን ወንድሙ ለቅሶ ይደርሳል፤ ክርስቲያኑም ለእስላም አክስቱ መርዶ ሲነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር በንጋት ይቆማል። ይህ ልማድ በወሎ ለዛሬው ትውልድ ደርሷል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ሥርዓቱ ሁሉ ተናጋ። በሰሜን በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ረኃቡና ወረርሽኙ ተከተሉ። መርዶ ነጋሪም ሆነ መርዶ ተቀባይ በአንድነት ያለቁበት ቤት ብዙ ነበር። መልእክተኛው ደርሶ የሚያገኘው ባዶ ቤት ሆነ፤ የተረፈውም ወዴት እንደተሰደደ የሚናገር ጎረቤት አልነበረም። የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚህ መከራ መካከል መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

እንግዲህ ወደ ውሉ ደረስን። የ17ኛው አንቀጽ ክርክር በመሠረቱ ስለ መልእክት ነው። የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ መንግሥት መረዳት እንደሚችሉ የሚፈቅድ ነበር፤ የኢጣልያንኛው ግን በእርሱ በኩል እንዲላላኩ የሚያስገድድ ነበር። ልዩነቱ የታወቀው እንዴት ነው? በደብዳቤ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ ወንድም ለወንድም ደስታውን እንደሚያስታውቅ፣ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ላኩ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን እንዲህ ያለው መልእክት በኢጣልያ በኩል መምጣት እንደሚገባው የሚያስገነዝብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወሬያቸውን በሌላ ሰው አፍ ብቻ እንዲናገሩ መፈረድባቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ወሬ የናፈቀው ደግሞ የኢጣልያ ቤተሰብ ሆነ። ከ1,500 በላይ ኢጣልያውያን ተማርከው በየአገሩ ተበትነው ስለነበር እናቶቻቸው ልጆቻቸው ሞተው ይሁን ታስረው አያውቁም ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ የቅብጥ ካቶሊኮችን መሪ አቡነ ቄርሎስ መቃርዮስን ስለ ምርኮኞቹ የሚለምን ደብዳቤ አስይዘው ላኩ፤ እርሳቸውም በነሐሴ 1888 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። ዐፄ ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ኢጣልያ ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ የጫነ መርከብ ስለያዘች ምርኮኞቹ በዚያ ጊዜ አልተለቀቁም፤ የተለቀቁት በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ልጅ የጠፋበት ቤት በውጫሌም በኢጣልያም አንድ ነው።

ፖስታ በአገራችን በዐዋጅ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዐፄ ምኒልክ መልክና የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ ሽቦም ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ተሠራ። ይሁን እንጂ ቴምብሩም ሽቦውም ለረጅም ዘመን የመንግሥትና የነጋዴ ነበሩ። የአምባሰል ገበሬ እንደ አባቱ በግሸን ተሳላሚና በገበያተኛ ይላላክ ነበር።

ዛሬ ከጅዳም ሆነ ከቤይሩት የተደወለ ስልክ በአንድ አፍታ ውጫሌ ይገባል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የወንድሙን ሞት በመንገድ ሲሄድ፣ በሥራ ላይ ሳለ፣ ወይም በስልኩ ላይ ፎቶግራፉን በማየት ብቻውን ይሰማል። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች በየቁምስናቸው «መርዶውን አንተ ንገርልን» እየተባሉ እንደሚጠሩ እናውቃለን። በባዕድ አገር ያለ ሰው ሊነገረው ሲሆን በመጀመሪያ በዚያ አገር የሚገኝ ወዳጅ ወይም ካህን ይፈለግ፤ ያም ሰው አጠገቡ መድረሱ ከታወቀ በኋላ ይደወል። ሰዓቱም በእርሱ አገር ንጋት እንዲሆን ይታሰብ። ጅዳና ቤይሩት ሰዓታቸው ከእኛ እምብዛም ስለማይራራቅ ይህ አያስቸግርም፤ አሜሪካ ላለው ግን በእኛ ቀን እኩሌታ መደወል ሌሊቱን መቀስቀስ ስለሆነ እስከ ማታ መታገሥ ያስፈልጋል።